የታላቁ ጥድ ጎረቤቶች

አንድ ጊዜ፣ ጉም ማደሪያ በሚባል ተራራ ላይ፣ ረፋዱና አመሻሹ የማይለይበት ትልቅ ጫካ ነበረ። የበቀለበት ጥድና ዝግባ ነው። ደመናው ከሸለቆው ተነሥቶ ይመጣና በዛፎቹ መካከል ገብቶ ይቀመጣል፤ ለመሄድ አይቸኩልም። በዚያ ጫካ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አብረው ይኖራሉ። ጫፋቸው ጉም ውስጥ የጠፋ ሽማግሌ ዛፎች አሉ፤ ከእነሱ ሥር ጎልማሶቹ፤ ከጎልማሶቹ ሥር ደግሞ ገና ከጥንቸል ጆሮ ያልበለጡ ችግኞች። በአንድ ጣሪያ ሥር እንደሚኖር ቤተሰብ ይጋፋሉም፣ ይደጋገፋሉም።

የጫካው እንስሳት ጎጇቸውንና የወንዙን ድልድይ የሚያድሱት ከዚሁ ጫካ በሚቆርጡት እንጨት ነበር። የሚቆረጠውን ዛፍ የሚመርጠው ግን አባ ጉሬዛ ብቻ ነው። ጉሬዛን ታውቁታላችሁ፤ ነጭ ካባውን ደርቦ ከዛፍ የማይወርድ መናኝ ነው። መስከረም ሲጠባ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለ፣ ጆሮውን በየግንዱ ላይ እያሳረፈ ጫካውን ይዞራል። ካረጁት አንዱን፣ ከጎልማሶቹ ጥቂቱን፣ ተጨናንቀው መተንፈስ ካቃታቸው ልጆችም ጥቂቱን ይመርጣል። ጎን ለጎን የቆሙትን በአንድ ዓመት አያስቆርጥም። አንዳንዱን የደረቀ ዛፍ ደግሞ እንደቆመ ይተወዋል፤ ለጉጉትና ለግንደ ቆርቁር ቤት ይሆናልና። አያ ጅቦ በዚያ ብርቱ መንጋጋው ይቆርጣል፣ አህያ በጠመዝማዛው የጥንት መንገድ ትጎትታለች። ሁሉም ሥራውን ስለሚያውቅ ጠብ አልነበረም።

አንድ ሌላ ልማድም ነበራቸው። በዚያ ጫካ ግልገል የወለደች እናት እትብቱን ከዛፍ ሥር ትቀብራለች።

የጫካው ንጉሥ አንበሳም እንዲሁ ነበር። ገና ዓይኑን በገለጠ ሰሞን እናቱ ከታላቁ ጥድ ጥላ ሥር አጋድማ እየላሰችው፣ «ልጄ፣ እትብትህ እዚህ ነው የተቀበረው። ዛፍህ እስካለ አንተም አለህ» ብላው ነበር። ግልገሉ ቀና ብሎ ቢያይ፣ ሰማይ ላይ የደረሰ ታላቅ ጥድ አየ። ደስ አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ነገር አላስፈራውም፤ እንዲህ ያለ ዛፍ እያለ ማን ይሞታል?

አንበሳው አደገ፣ ነገሠ፣ ጎፈሩ ሸበተ። ከእለታት አንድ ቀን፣ እንደ ልማዱ ከጥዱ ሥር ጋደም ብሎ ቀና ሲል፣ የዛፉ ራስ ደርቆ አየ። ጫፉ ላይ አንድ ቅጠል የለም። ደነገጠ።

«አባ ጉሬዛ!» ብሎ አገሳ።

«አቤት ጌታዬ!»

«ዛፌ ታሟል!»

ጉሬዛ ወርዶ ጆሮውን ከግንዱ ላይ አሳረፈና ብዙ ቆየ። «አልታመመም ጌታዬ፤ አርጅቷል» አለ።

«ይሞታል?»

«መሞቱንስ ይሞታል። ግን ዛፍ ሲሞትም ቀስ ብሎ ነው። ገና ብዙ ክረምት ይቆማል። ሲደርቅም አንሥተን አንጥለውም፤ ጉጉቶች ይኖሩበታል።»

«ጉጉት!» አለ አንበሳው። «በእኔ ዘመን በዚህ ጫካ የሚሞት ዛፍ አይኖርም!»

«በየዓመቱ እኮ ይሞታሉ፣ ጌታዬ። አንዱ ጥላ በዝቶበት፣ አንዱ ጥንዚዛ ገብቶበት፣ አንዱ ነፋስ ጥሎት። የሚሞተው ከሚበቅለው እስካልበለጠ ድረስ ጫካው ደኅና ነው። ደግሞ ስለ እትብትዎ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ያኔ እናትዎ…»

«ስለ እትብቴ አንተን ምን አገባህ! ጥፋ ከፊቴ!»

ጉሬዛ ጠፋ። ንጉሥ ሲቆጣ ዛፍ መውጣት መቻል ትልቅ ሀብት ነው።

አንበሳውን ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ያዘው። የፈራ ሰው እንቅልፍ ያጣል ይባላል፤ አንበሳ ግን ሲፈራም ይተኛል። ጉሙ መጥቶ ጎፈሩ ላይ አረፈ። በሕልሙ ዛፎቹ ሁሉ ሥሮቻቸውን ከመሬት አውጥተው፣ እንደ ሠርግ እድምተኛ ቀስ እያሉ ሲሄዱ አየ። ኮቴ የላቸውም፤ ድምፅ የላቸውም። መጥተው ታላቁን ጥድ ከበቡት። አንዱ ክንዱን ያዘው፣ ሌላው ትከሻውን፣ ሌላው እግሩን። ከሁሉ ይልቅ አንድ ቀጭን ጎልማሳ ጥድ ወገቡን አቅፎ አልለቅም አለ። አንበሳው ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ጉም ብቻ ነበር።

ባንኖ ሲነሣ እመት ቀበሮ ፊቱ ተቀምጣለች። ቀበሮ ጥላ አትወድም። እሷ የምትወደው ፀሐይ የሚያርፍበትን ሜዳ፣ ሜዳው ላይ የሚበቅለውን ሣር፣ ሣሩ ውስጥ የሚሮጠውን የሰባ አይጥ ነው። ይህን ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

«ጌታዬ፣ በእንቅልፍዎ አቃሰቱ። ምን አዩ?» አለች፤ ጅራቷን በእግሮቿ ላይ ሰብስባ።

ነገራት። ሕልም እንደ ፈቺው ነው። ቀበሮም ራሷን እየነቀነቀች ሰማችና ዓይኗን በመዳፏ አበሰች።

«ወይኔ ጌታዬን! ግልጽ እኮ ነው። ጎረቤቶቹ አንቀው ሊገድሉት ነው። ውኃውን እየጠጡበት፣ ብርሃኑን እየሻሙት! ያ ወገቡን የያዘው ቀጭኑማ ዋነኛው ጠላት ነው።»

አንበሳው ቀና ብሎ አየ። እውነትም አንድ ቀጭን ጎልማሳ ጥድ ትከሻውን ከታላቁ ጥድ ላይ አስደግፎ ቆሟል። ከዚህ በፊት እንዴት አላየሁትም ብሎ ተገረመ።

«ምን ይሻላል ታዲያ?»

«ታላቁን ጥድ የነካ ሁሉ ይቆረጥ! ለብቻው ይጠጣ፣ ለብቻው ይሙቅ። ያን ጊዜ ያገግማል።»

አያ ጅቦ ተጠራ። ከዛሬ ጀምሮ የጫካው ሹም አንተ ነህ ሲባል ደስታው ልክ አጣ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋልና፣ ቶሎ ብሎ «ሹመቱስ እሺ፤ የምበላውስ?» ሲል ጠየቀ።

ቀበሮ ወደ ጆሮው ተጠጋች። «ዛፉ ተቆርጦ ሲያልቅ ጎታች አያስፈልግም፤ አይደለም?»

«አያስፈልግም።»

«የማያስፈልግ አህያ ደግሞ ምን ይሆናል?»

ጅብ ይህን ለማሰብ ጥቂት ጊዜ ወሰደበት። ሲገባው ምራቁን ዋጠ።

ሥራው በዚያው ቀን ተጀመረ። መጀመሪያ የወደቀው ያ ቀጭን ጎልማሳ ጥድ ነበር። ሲወድቅ ታላቁ ጥድ ከራሱ እስከ ሥሩ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠ፤ አንበሳው ግን ከሸክም የተገላገለ መስሎት ደስ አለው። አባ ጉሬዛ ከሩቅ ሆኖ፣ «ኧረ በሕግ! ኧረ ጥቂት ጥቂት ብቻ!» ብሎ ቢጮህ የሚሰማው አላገኘም።

አያ ጅቦ ታላቁን ጥድ የነኩትን ሁሉ ቆረጠና ቆሞ አሰበ። ጅብ ሲያስብ ደግ ነገር አይመጣም።

«እመት ቀበሮ፣ የነኩትን ቆረጥኩ። የነኩትን የነኩትስ?»

«እነሱማ የጠላት ዘመድ ናቸው» አለች ቀበሮ።

ቆረጠ። ከዚያ በኋላ የነኩትን የነኩትን የነኩት ቀሩ። ጫካ ውስጥ ደግሞ ሌላውን የማይነካ ዛፍ የለም። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል እንዲሉ፣ ጉሬዛ እያለቀሰ ጅብ እየቆረጠ ሰነበቱ።

አህያም ትጎትታለች። ድሮ ዛፎቹን ሳትነካ በጠመዝማዛው መንገድ ነበር የምትሄደው፤ አሁን ግን በቀጥታ ነው የምትነዳው። ከኋላዋ ያለው ግንድ ግራና ቀኝ እየተላጋ የቆሙትን ዛፎች ይልጣል።

«አያ ጅቦ፣ የደኅናዎቹን ጎን እየላጥኩ ነው። በድሮው መንገድ ልዙር» አለች።

«ዝም ብለሽ ጎትቺ! ዞረሽ እስክትመጪ ሥራው አያልቅም፤ ሥራው ካላለቀ ደግሞ ይርበኛል!»

አህያ የሥራውና የረሃቡ ግንኙነት አልገባትም። ከበስተኋላዋ የሚመጣውን ነገር የማየት ልማድም የላትም። ጎተተች።

የተላጡት ዛፎች መጀመሪያ ሙጫ አለቀሱ። ቀጥሎ ጥንዚዛ ሽታው ጠርቶት መጣ። ከዚያም፣ ማንም ያልቆረጣቸው፣ ማንም ያልነካቸው የሚመስሉ ዛፎች ቅጠላቸው እየቀላ እየቀላ ሄደ። አንበሳው አንድ ቀን በጫካው ሲዘዋወር ጉም ውስጥ ቀይ ዛፎች ቆመው አየ። ውበታቸው ግሩም ነበር። ቀረብ ብሎ ቢነካቸው ሞተዋል።

በሕይወቱ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም። እየሮጠ ተመልሶ፣ «ቀበሮ! ዛፎቼ እየሞቱ ነው! ለምን?» አላት።

ቀበሮ ያን ጊዜ ወፍራለች። አዲሱ ሜዳ ሣር አብቅሏል፣ ሣሩም አይጥ ሞልቶታል። አፏን በመዳፏ እየጠረገች፣ «ቀንተው ነው ጌታዬ» አለች። «ለታላቁ ጥድ የተደረገለትን አይተው ቅናት ገደላቸው።»

አንበሳው አያት። ሆዷንም አየ። ግን ፍርሃት ያለበት ልብ የሚያየውን ሁሉ አያምንም፤ ተመልሶ ሄዶ በባዶው ሜዳ መካከል ለብቻው ከቆመው ጥዱ ሥር ተጋደመ። ጉሙ አሁን እዚያ አያርፍም። ፀሐዩ ጎፈሩን አቃጠለው። እንደምንም እንቅልፍ ሸለብ አደረገው።

በሕልሙ ታላቁን ጥድ አየው። ክንዶቹን ዘርግቶ፣ ዓይኑ እንደጠፋ ሽማግሌ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይዳብሳል። የሚይዘው አላገኘም። ከግንዱ ውስጥ የሞተችው እናቱ ድምፅ መጣ። «ማን ይዞኛል?» ይላል። ደግሞ ቆይቶ፣ «ልጄ፣ ማን ይዞኛል?»

አንበሳው እንባው በጎፈሩ ላይ እየወረደ ነቃ።

«አባ ጉሬዛ!» አለ። ማግሳት አልነበረም፤ እንደ ግልገል ነበር የተጣራው።

ጉሬዛ ከሜዳው ዳር ካለው የመጨረሻ ዛፍ ላይ ወረደ። በሕይወቱ በእግሩ ብዙ ሄዶ ስለማያውቅ ሜዳውን እየተንገዳገደ ነው ያቋረጠው። አንበሳው ሁለቱን ሕልም ነገረው።

«እኔ ሕልም ፈቺ አይደለሁም፣ ጌታዬ» አለ ጉሬዛ። «ዛፍ ግን አውቃለሁ። ያ የመጀመሪያው ሕልም… አንቀውት አልነበረም። ይዘውት ነበር። ሽማግሌ ዛፍ ብቻውን አይቆምም። ከመሬት በታች ሥሮቻቸው እጅ ለእጅ ተያይዘዋል፤ ከላይ ደግሞ ነፋሱን ይካፈሉታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባል የለ? ሥር ቢያብር ደግሞ ዛፍ ያቆማል።»

ያን ጊዜ ከሸለቆው ነፋስ ተነሣ። የበልግ ነፋስ ነው፤ በየዓመቱ ይመጣል፤ በየዓመቱም በሺህ ቅርንጫፍ መካከል ገብቶ ደክሞ ይቀር ነበር። ዛሬ ግን ሜዳውን አገኘ። የሚያቆመው ስላጣ እየፎከረ መጣ።

ታላቁ ጥድ ጮኸ። አንበሳው ዘሎ ጀርባውን ከግንዱ ላይ ገጠመና በአራት እግሩ መሬቱን ቆንጥጦ ገፋ። «እርዱኝ!» አለ። «ሁላችሁም! እርዱኝ!»

ቀበሮ ወዴት እንደገባች አልታየችም። አያ ጅቦ ዛፉ ሲንቋቋ ሰምቶ ፈረጠጠ፤ ነፋሱ ገንጥሎ የወረወረው ቅርንጫፍም ከወገቡ በታች አገኘው። ጅብ እስከ ዛሬ ኋላውን ዝቅ አድርጎ የሚሄደው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ይባላል። እየሮጠች የመጣችው አህያ ብቻ ነበረች። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ጎኗን ከአንበሳው ጎን አድርጋ መግፋት ጀመረች። ጉሬዛም ያንን ቀጭን ትከሻውን ጨመረ።

ጥቂት ጊዜ የያዙት መሰላቸው። ከዚያ ከመሬት በታች ሥሩ ሲበጠስ ሰሙ፣ አንድ በአንድ። ጉሬዛ፣ «ዞር በሉ!» አለ። ታላቁ ጥድ ጎንበስ አለ፤ ቀስ ብሎ፣ የሚቀመጥበትን የሚመርጥ ይመስል፤ ከዚያ መሬቱ ተናወጠ።

አንበሳው ከወደቀው ግንድ አጠገብ ሄዶ ተጋደመና ዓይኑን ጨፈነ። ሞቱን ይጠብቅ ጀመር። ነፋሱ አለፈ። ጉሙ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሜዳው መጥቶ የወደቀው ዛፍ ላይ ተቀመጠ። አንበሳው ጠበቀ። አህያና ጉሬዛም አጠገቡ ተቀመጡ።

በመጨረሻ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ሞቻለሁ?» አለ።

አህያ አስባ፣ «ሆድዎ እየጮኸ ነው፣ ጌታዬ። የሞተ ይርበዋል እንዴ?» አለችው።

አንበሳው ቀና አለ። «ዛፌ ወድቋል። እትብቴ የተቀበረበት ዛፍ ወድቋል። እንዴት እኖራለሁ?»

ጉሬዛ ካባውን ሰብስቦ ራሱን አቀረቀረ። «ያን ቀን ልነግርዎት የነበረው ይህን ነው። እናትዎ እትብትዎን ስትቀብር እኔ ከበላይዋ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። እናቶች እትብት የሚቀብሩት ከሽማግሌ ዛፍ ሥር አይደለም፤ ከችግኝ ሥር ነው፤ ከልጁ ጋር አብሮ እንዲያድግ። የእርስዎ ችግኝ ከታላቁ ጥድ ጎን ነበር የበቀለው። እናትዎ ዛፍህ ስትልዎት ግን እርስዎ ወደ ላይ አዩ።»

«የትኛው ነው?» አለ አንበሳው። ድምፁ እንዳይሰማ የፈለገ ይመስል ነበር።

«ያ ወገቡን አቅፎ የያዘው፣ ጌታዬ። አያ ጅቦ መጀመሪያ የቆረጠው።»

አንበሳው ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። እትብቱ ያለበት ዛፍ ወድቆ ስንት ጨረቃ አልፎ ነበር፤ እሱም አልሞተም፤ ስንት ዛፍ ግን በእሱ ፍርሃት ሞተ! አለቀሰ። አንበሳ ሲያለቅስ ያዩት እነዚያ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ለማንም አልተናገሩም።

አያ ጅቦ በማግሥቱ እያነከሰ መጥቶ፣ «ሥራው አልቋል፤ አህያዬን» አለ። አንበሳው ጉዳዩን ያን ጊዜ ነው የሰማው። አገሳበት፤ ያቺ ዝምተኛ አህያም ለመጀመሪያ ጊዜ ከበስተኋላዋ ያለውን ዞራ አየችና እርግጫዋን አቀመሰችው። ቀበሮ ግን ፍርድ አልጠበቀችም፤ ዛፍ ወደሌለበት ሜዳ ወርዳ እስከ ዛሬ እዚያው አይጥ ታድናለች።

አባ ጉሬዛ ወደ ሥራው ተመለሰ። የወደቀውን ታላቅ ጥድ ማንም እንዳይነካው አዘዘ። ወፎች የጥድ ፍሬ በልተው ግንዱ ላይ እያረፉ ዘሩን ጣሉ፤ በግንዱ ጥላም ሥር፣ ፀሐይ በማያገኘው በኩል፣ ከጥንቸል ጆሮ የማይበልጡ ችግኞች ብቅ አሉ። አህያ በጠመዝማዛው መንገድ ብቻ ሄደች። አንበሳው ደግሞ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል እየተጋደመ በጀርባው ይከልላቸው ነበር። ለነፋስ ይህ ምንም አይደለም። ለእሱ ግን ትልቅ ነገር ነበር።

ዓመታት አልፈው የአንበሳው ልጅ ወለደች። ዓይኑን ያልገለጠ ግልገሏን በአፏ አንጠልጥላ ወደ ወደቀው ግንድ መጣች፤ ከችግኞቹም አንዱን መርጣ እትብቱን ከሥሩ ቀበረች። አባ ጉሬዛ ከወደቀው ጥድ ቅርንጫፍ ላይ ሆኖ አየ።

«ሲያድግ የትኛው እንደሆነ አሳየዋለሁ» አለ ጉሬዛ። «ይህ ስሕተት ሁለተኛ አይደገምም።»

ሽማግሌው አንበሳ ጎፈሩ ላይ ጉም እንዳረፈበት፣ ዓይኑን ከድኖ ነበር። የተኛ መስሏቸው ነበር።

«አታሳየው» አለ።

«ምነው ጌታዬ?»

«ከእነዚህ አንዱ ያንተ ነው በለው። የትኛው እንደሆነ ግን አትንገረው። ያን ጊዜ ሁሉንም ይጠብቃል።»

ጉሬዛም አልነገረውም። ግልገሉ ሲያድግ ከችግኝ ችግኝ እየተዘዋወረ፣ አፍንጫውን እያስጠጋ፣ «አንተ ነህ? አንተ ነህ?» እያለ ሲጠይቃቸው ይውል ነበር፤ አንዱንም ሳይረግጥ።

ከዚህ የምንማረው የራሱን አንድ ዛፍ ከሞት ለማዳን ብሎ ጎረቤቶቹን የሚያስቆርጥ፣ የፈራውን ሞት በገዛ እጁ ወደ ደጁ እንደሚጠራው ነው።